ያልላክሁልሽ ቆረቆንዳ

ሆሳዕና
ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማራኪዬ፣ ለታናሼ፣ ለአፈኛዋ፤

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር፣ ከሰላምታ ቀጥላችሁ ስለ ራሳችሁ ጤንነት ጻፉ እያልኩ ኖርኩ። ዛሬ የራሴን ትምህርት እጥሳለሁ፤ የምጀምረው ከአንቺ ጤንነት ነው። ለታዴዎስና ለልጆቹ ናፍቆቴን አድርሺልኝ። ትንሿን ልጅሽን ደግሞ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ በቪዲዮ ሳያት አፍንጫዋ የአባታችን ሆኗል፣ ምን ይደረግ።

መንገደኛዋ ሮዳስ እዚያ ደርሳ እሽጉን ስታስረክብሽ መጀመሪያ የምታደርጊውን አውቃለሁ፤ ደብዳቤውን ወዲያ ትተሽ ፌስታሉን ትበረብሪያለሽ። ቡላው አለ። ቅቤው በሁለት ክዳን ታሽጎ አለ። ዳጣውን ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት፤ እንዳምናው "ቃሪያው አነሰ" ብለሽ እንዳትጨቀጭቂኝ ዓይኔ እስኪያነባ ነው የጨመርኩበት። ቆረቆንዳው ግን የለም። ረስቼው አይደለም። ሆን ብዬ ነው ያልላክሁልሽ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? "ዓለሚ፣ እንሰቱ ድንበር ተሻግሮ ደርባን ድረስ መጣብኝ፤ ሱቅ ዘግቼ አረፍ ስል ውስጥ እግሬን ይበላኛል፣ መርፌ መርፌ ይለኛል። የዚህ አገር ነገር ሁሉ ለስላሳ ነው። በሮዳስ አንድ የሆመቾ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላኪልኝ፣ እንደ ልጅነታችን ልፈግፍግበት" አልሽኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ብጠይቅሽ "ከፋሲካ ወዲህ" አልሽና ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ ማቴዎስ ምሳ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም።

ጉዳዬን ላስቀድም፤ ስኳርሽን ተለኪ። ዛሬ ነገ ሳትይ፣ በዚህ ሳምንት። በስልክ ብነግርሽ እንደምታመልጪኝ አውቃለሁ። ወይ ትስቂያለሽ፣ ወይ "ደንበኛ መጣ" ብለሽ ትዘጊያለሽ። ወረቀት ላይ ደንበኛ አይመጣም። ደግሞም በስልክ ልነግርሽ የማልችለው ሌላ ነገር አለ፤ ድምፄ ይከዳኛል። ስለዚህ ብትናደጂብኝም እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ቆረቆንዳ ስትይኝ ወዴት እንደወሰድሽኝ ታውቂያለሽ? ሆመቾ፣ እማዬ ጓሮ። ለመስከረሙ ዘመን መለወጫችን፣ ለያሆዴ የሚሆነው እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ የሚገባበት ሰሞን፣ የሰፈሩ ሴቶች በደቦ እኛ ጋ የሚሰበሰቡበት ቀን። ወንድ ድርሽ አይልም ነበር። አባታችን እንኳን ከብቱን ሰበብ አድርጎ ማልዶ ይወጣና ሲመሽ ይመጣል። ሳንቃዎቹ ዘመም ብለው ይታሰራሉ፣ ከሥራቸው ሰፋፊ ቅጠል ይነጠፋል። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ ትልና አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ፣ ከእንሰቱ የተላጠውን ረጅም ሽፋን በተረከዟ ሳንቃው ላይ ጥብቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ከዚያ የቀርከሃ መፋቂያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ትስበዋለች። እጇ ሲደክም ታሳርፈዋለች፤ እግሯ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ሳንቃው ላይ ነው። ቃጫው በአንድ በኩል ነጭ ሆኖ ይከመራል፣ ሴቶቹ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ እየተቀበለች ይዘፍናሉ፣ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ማንም አይነሣም፤ የእንሰቱ ቅጠል ከላያችን ጣራ ነበር። ያ የዝናብ ድምፅ ቅጠሉ ላይ! እኔ ሆሳዕና የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስንት ክረምት አሳለፍኩ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

እኔ አሥራ ሁለት፣ አንቺ ሰባት ዓመት ሲሞላሽ እማዬ ለየግላችን ትንንሽ ሳንቃ ሰጠችን። አንቺ እግርሽ አልደርስ እያለሽ ስትንፈራገጪ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። የሚያሳክከው የእንሰቱ ውሃ ከሳንቃው እየወረደ በባታችን፣ በተረከዛችን፣ በጣቶቻችን መሃል ይፈስሳል። ሥራ ላይ እያለን አይታወቀንም። እግራችንን ታጥበን ስንጋደም ነበር ጉዱ የሚጀምረው።

አንቺ በግርጌ፣ እኔ በራስጌ። "ዓለሚ፣ እግሬ!" ትያለሽ። የአንቺን እግር እኔ ደረቴ ላይ አደርገዋለሁ፣ የእኔን አንቺ ታቅፊዋለሽ፣ ሁለታችንም በየእጃችን ቆረቆንዳ ይዘን መፈግፈግ ነው። ደንቡ ትዝ ይልሻል? አንዷ ካቆመች ሌላዋም ታቆማለች። አንቺ ግን ሌባ ነበርሽ። የእኔን ሦስት ጊዜ ፈግፍገሽ እንቅልፍ ይወስድሽና እኔ ሞኟ የአንቺን ስፈገፍግ አመሻለሁ። ጠዋት እማዬ ለጋ ቅቤ በመዳፏ አሙቃ ውስጥ እግራችንን ታሸናለች፤ "ጎሽ፣ ትናንት እግራችሁ ሠርቷል" ትለናለች። ማሳከኩን እንደ ሽልማት ነበር የምንቆጥረው። እንዲያውም አንድ ቀን ሳያሳክክሽ ቀርቶ "እኔ አልሠራሁም ማለት ነው?" ብለሽ አለቀስሽ።

ይህን ሁሉ የማነሣው እንድትናፍቂ ብቻ አይደለም። እኔን ያታለለኝ ይኸው ትዝታ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ነው የጀመረኝ። ቆጮ ከገበያ እየገዛሁ የምበላ የከተማ ሴት፣ እንሰት ከነካሁ ስንት ዘመኔ፣ አንድ ምሽት ውስጥ እግሬን ወረረኝ። ያሳክካል፣ ይጠቀጥቃል፣ ብርድ ልብሱ ሲነካኝ ያቃጥለኛል። ማራኪ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። እማዬ ሄዳለች፣ አንቺ ሩቅ ነሽ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች አንድ በአንድ አልቀዋል፤ እግሬ ብቻ ያስታወሰኝ መሰለኝ። ማቴዎስን "እግሬ ሆመቾ አምሮት ነው" ብለው "ሐኪም ቤት አምሮት እንዳይሆን" አለኝ። ባሌን ታውቂዋለሽ፣ ጉንፋን ሲይዘው ኑዛዜ የሚያስብ ሰው ነው። አልሰማሁትም። በቆሎ ገዝቼ ፈለፈልኩ፣ ቆረቆንዳውን ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፣ ዜና እያየሁ መፈግፈግ ጀመርኩ። ስጨርስ ቅቤ እቀባለሁ። ውሃ ይጠማኝ ነበር፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። ሽንት ቤት እመላለስ ነበር፤ እርጅና ነው አልኩ። ሰሌዳ ላይ የሰው ሆድ ዕቃ እየሳልኩ "ይህ ጉበት፣ ይህ ቆሽት" ስል የኖርኩ፣ ከአማርኛው ጎን ሳይንስም ያስተማርኩ ሴት!

ከዚያ ማሳከኩ ቆመ። መጀመሪያ ከአውራ ጣቴ፣ ቀጥሎ ከተረከዜ ጠፋ። ቅቤው ያዘልኝ፣ ዳንኩ ብዬ ጌታን አመሰገንኩ። እጄ ግን ቆረቆንዳውን ለምዶት ስለነበር እንዲሁ መፈግፈጌን አልተውኩም።

ጎረቤቴ ሳሊሃ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከጎናችን የገባችው ቅቤ ነጋዴ፣ ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ቅቤ ልታደርስልኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ "ዓለሚቱ፣ ምን በዓል ነው ዛሬ? ዶሮ አርደሽ ነው እንዴ?" አለችኝ። ወለሉን አየሁ። ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን የደም ነጠብጣብ ተሰልፏል። እኔም እንደ እሷ ማነው የደማው ብዬ ዙሪያዬን መፈለግ ጀመርኩ። የሳሊሃ ዓይን ዱካውን ተከትሎ መጣ መጣና እግሬ ላይ ቆመ።

"ያ አላህ! አንቺ ሴትዮ፣ አያምሽም?"

አያመኝም ነበር። ቁጭ አድርጋ እግሬን ስታነሣው ከትንሿ ጣቴ ሥር ቆዳው ተልጦ፣ ውስጡ ቀልቶ፣ ጠርዙ ጠቁሮ አየሁት። የሰው እግር የማይ መሰለኝ። በቆረቆንዳ ስንት ቀን ስልጠው እንደሰነበትኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጇ ሙኒር ባጃጁን አስነሣ፣ ሳሊሃ ነጠላዋን እግሬ ላይ ጠቅልላ ሆስፒታል ወሰደችኝ። መንገዱን ሙሉ ትቆጣኝ ነበር፤ እጄን ግን አልለቀቀችኝም።

እዚያ ዘርትሁን የምትባል ነርስ ተቀበለችኝ። ፊቴን አይታ "ቲቸር!" አለች። አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ወሬ ስለምታበዛ በየቀኑ አስነሥቼ አቆማት ነበር። ስኳሬን ለካች፤ ከሦስት መቶ ሰማንያ በላይ ነበር። ከዚያ የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለ ቀጭን ነገር አወጣች።

"ቲቸር፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን ስነካው 'አዎ' ይበሉኝ።"

ጨፈንኩ። በግራ እግሬ ጀመረች፤ አራት ጊዜ አዎ አልኩ። "አሁን ቀኙን" አለችኝ። ጠበቅሁ። ውጭ ሰው ሲጣራ እሰማለሁ፣ የወንበር ድምፅ እሰማለሁ። ቆየችብኝና "መቼ ነው የምትጀምሪው፣ ልጄ?" አልኳት። ዓይኔን ስገልጥ ክሩን ወደ ማስቀመጫው እየመለሰች ነበር።

"ጨርሻለሁ፣ ቲቸር" አለችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ስኳር በደም ውስጥ በዝቶ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። የሚያሳክከው፣ የሚጠቀጥቀው፣ የሚያቃጥለው ነርቩ እየተጎዳ ነው። ሲቆም ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ ነርቩ ግን መስማት አቁሞ ነው። ከዚያ በኋላ ሚስማር ቢወጋሽ፣ ፍም ብትረግጪ አታውቂውም። በየቀኑ ውስጥ እግሬን በመስታወት እንዳይ፣ ውሃውን በእግሬ ሳልገባበት በክንዴ እንድፈትነው፣ ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግሬ እንዳልሄድ አዘዘችኝ። ካልሲ ደግሞ ነጭ ብቻ፤ ከደማሁ ቶሎ እንዲታይ። ስወጣ "የቤት ሥራዎን ካልሠሩ አስነሥቼ ነው የማቆምዎት" ብላ አሳቀችኝ። እሽጉ ውስጥ ስድስት ጥንድ ነጭ ካልሲ የከተትኩት ለዚህ ነው፤ ለታዴዎስ መስሎሽ እንዳትሰጪው።

በያሆዴ ሰሞን የቀኝ እግሬን ሁለት ትንንሽ ጣቶች ቆረጡልኝ። "ወለም ብሎኝ ነው፣ እግሬን ሰቅዬ ተቀምጫለሁ" ብዬ በስልክ ያሾፍኩብሽ ያን ቀን ነው። ይቅር በዪኝ።

አሁን በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ላይ ደረስኩ።

ዘርትሁን ወረቀት ስትሞላ "ከቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳላመነታ የለም አልኳት። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሣ እማዬ ፊቴ ድቅን አለች።

ከመሞቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆመቾ ስሄድ "ዓለሚ፣ እግሬን ጉንዳን ይወረኛል፣ እስቲ እዪልኝ" ትለኝ ነበር። አየሁላት። ጉንዳን የለም። "እማዬ፣ ይህን ያህል ዘመን እንሰት የፋቀ እግር አያሳክከው ታዲያ?" አልኳትና ከማዕዘኑ ደረቅ ቆረቆንዳ መርጬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ በዚህ እጄ። እሷም ሳቀች፣ "ማራኪ ብትኖር ትፈገፍግልኝ ነበር" አለች። ከዚያ ወዲያ የእግሯን ነገር አላነሣችም። እኔም አልጠየቅኋት።

ለሞት ስላበቃት ቁስል፣ እግሯን መቆፈሪያ መታት ብዬ ነው የነገርኩሽ። መቆፈሪያ መትቷታል፣ እሱ ውሸት አይደለም። የደበቅሁሽ ጠዋት ተመትታ እስከ ማታ ስትዞር መዋሏን ነው። እዚያው ነበርኩ። ማታ የላስቲክ ጫማዋን ሳወልቅላት ደሙ ከውስጡ ፈሰሰ። ደንግጣ "ውይ፣ ይሄ ምንድን ነው ዓለሚ?" ብላ እሷ እኔን ጠየቀችኝ። አልተሰማትም ነበር፣ ማራኪ። የሰፈሩ ሰው ግን ሌላ ተረጎመው፤ "ምን ዓይነት ጀግና ሴት ናት፣ ቆስላ ሥራዋን አልተወችም" ተባለ። ቁስሉ አመርቅዞ በሦስት ወሩ ሲወስዳት ቀብሯ ላይ ሳይቀር ይኸው ተነገረላት። እኔም ከፊት ተቀምጬ፣ ያውም እያለቀስኩ፣ ኮርቼባታለሁ።

ስኳር ይሁን አይሁን ዛሬ ማወቅ አይቻልም፤ ማንም ለክቷት አያውቅም። እኔ ግን በራሴ እግር ላይ ሁሉንም እንዳለ አየሁት፤ ማሳከኩን፣ ዝም ማለቱን፣ ደሙን።

ያኔ ከደርባን ደውለሽ "አጠገቧ ሆነሽ እንዴት ሳታዪ ቀረሽ?" ስትዪኝ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ስምንት ወር ተኳረፍን። በኋላ ታርቀን ስንሳሳቅም ያቺን ጥያቄ ሁለታችንም ድጋሚ አላነሣናትም። የዘጋሁብሽ ስለበደልሽኝ አልነበረም። ልክ ስለነበርሽ ነው። ይኸው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መለስኩልሽ። የፈለግሽውን ብትዪኝ እቀበላለሁ።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ማቴዎስን ሆመቾ ካልወሰድከኝ ብዬ አስቸገርኩት። የአጎታችን ልጅ ሚስት፣ አስካለች፣ ጓሮውን እንዴት እንደያዘችው ብታዪ! የእማዬ እንሰቶች የልጅ ልጆቻቸውን አድርሰዋል። አስካለች ልክ እንደ ድሮው እግሯን ሳንቃው ላይ ሰቅላ ትፍቃለች። ጉቶ ላይ ተቀምጬ ሳያት ዋልኩ። ጫማዬን አውልቄ አፈሩን ልረግጠው ምን ያህል እንዳማረኝ ልነግርሽ አልችልም፤ ዘርትሁንን ፈርቼ ተውኩት፣ ጎንበስ ብዬ በእጄ ነካሁት።

"አስካለች፣ ውሃው እግርሽን አያሳክክሽም?" አልኳት።

"ያሳክከኛል እንጂ እትዬ፣ ማታ ማታ መከራዬን ነው የሚያሳየኝ።"

"ጠዋትስ?"

"ጠዋትማ ለቆኝ ያድራል። ታጥቤ፣ ቅቤ ነክቼ ከተኛሁ ምን ይቀረዋል?"

እንዲህ ስትለኝ አቀፍኳት። ምን እንደነካኝ ግራ ገብቷት "እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?" አለችኝ። የእኛም እኮ እንደዚያ ነበር፣ ማራኪዬ። ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ይለቃል። አንቺን ከፋሲካ ወዲህ አልለቀቀሽም። ደግሞ ደርባን እንሰት የለም።

ዘርትሁን እንደምትለው የሚያሳክክ እግር ሁሉ ስኳር ያለበት አይደለም፤ ድርቀትም ይሆናል፣ ፈንገስም ይሆናል። ያ ከሆነ እልል ብዬ እሽጉን በእጥፍ እልክልሻለሁ፤ ሞኟ እህቴ ብለሽ ለደንበኞችሽ ሁሉ አውሪብኝ። እስከዚያ ግን በቆረቆንዳም በጥፍርሽም እግርሽን እንዳትነኪው።

አሁን ታዴዎስን ጥሪው። ሱቁን ለአሥር ደቂቃ ብትዘጉት አገር አይፈርስም። ጫማሽን አውልቂና ጋደም በይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። ታዴዎስ በጣቱ ጫፍ ብቻ፣ ሳይጫንና ሳያሽ፣ አሥሩንም የእግር ጣቶችሽን ሳያሳውቅሽ አንድ በአንድ ይንካቸው። በተሰማሽ ቁጥር "አዎ" በዪ፣ እሱ ይቁጠር። እንዳታጭበረብሪ። አሥሩም ቢሰማሽ ስኳርሽን ትለኪያለሽ፤ ከአሥር ካነሰ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ። ይህን ታላቅ እህትሽ ነኝ ያዘዝኩሽ፤ ልመናም ካልሽው ልመና ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሮዳስ ወደ አዲስ አበባ ስትነሣ እኔም ሆስፒታል እገባለሁ። የጣቶቹ ቁስል አልዘጋም፣ ወደ ላይ ሄዷል። ሐኪሙ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መቆረጥ አለበት ብሎናል። ማቴዎስ ወረቀቱን ከፈረመ በኋላ ጓሮ ገብቶ ቆየና ዓይኑ ቀልቶ መጣ፤ "ሽንኩርት ስልጥ ነው" አለኝ። ቤት ውስጥ ሽንኩርት ካለቀ ሦስት ቀኑ ነው። ሳሊሃ ከእኔ ጋር አድራለሁ ብላ ከአሁኑ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። ብቻዬን አይደለሁም፣ አታስቢ። ግን ፈርቻለሁ። ይህን ለእነሱ አልነገርኳቸውም።

ደብዳቤው ሲደርስሽ የእኔ ነገር አልፏል። ስትደውዪልኝ እያለቀስሽ "እግርሽስ?" ብለሽ እንዳትጀምሪ። ሰላምታም አልፈልግም። መጀመሪያ ቁጥርሽን ንገሪኝ።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ልጆችሽን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ለታዴዎስ ዕድሜ ይስጥልሽ። አንቺንም፣ እህቴ፣ የረገጥሽው መሬት ሁሉ ይሰማሽ።

ታላቅሽ
ዓለሚቱ